ተማሪን የመለሰው ምን ነበር?

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በኦሎምፒያና በወሎ ሰፈር በኩል ወደ ቦሌ የሚወስደው መንገድ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ከተሠራ ወዲህ ለትምህርት ወደ ውጭ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ የሚሸኝበት መንገድ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ ወሎ ሰፈር ሲደረስ የጉዞ ወኪሎች፣ የትርጉም ቤቶችና የውጭ ትምህርት አማካሪዎች ማስታወቂያ ይታያል፤ ወደ ካዛንቺስ ታጥፎ ለሚሄድም እንደዚሁ። ትራንስክሪፕቱን በክላሰር ይዞ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሣ ወጣት ለአካባቢው ሰው አዲስ አይደለም። ይህ ወጣት ከሚሰበስባቸው ወረቀቶች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ጥያቄ በመጨረሻ አንድ ነው፦ «ተምረህ ስታበቃ ወደ አገርህ ትመለሳለህ?» የመቶ ሠላሳ ዓመቱን ታሪክ በቅደም ተከተል የተመለከተ ሰው የሚያገኘው ማስረጃ ግን ወረቀቱ ከቆመበት እምነት ጋር አይስማማም። ወረቀቱ በላላበት ዘመን የሄደው ተማሪ ተመለሰ፤ ወረቀቱ በጠበቀበት ዘመን የሄደው ቀረ። ተማሪን የመለሰው አገር ቤት ይጠብቀው የነበረው ሥራና ሰላም ነው፤ ማኅተም ማንንም አልመለሰም። የሚከተለው ትረካ ይህን ለማስረዳት የሚሞክር ነው። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለትምህርት ወደ አውሮፓ የሄዱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ፓስፖርት የሚባል ደብተርም አልያዙም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አብዛኛው አውሮፓ ለመንገደኛ ክፍት ነበር፤ ከሩሲያና ከቱርክ ግዛት በቀር ድንበር ላይ ወረቀት አውጣ የሚል እምብዛም አልነበረም። ከአዲስ አበባ ለሚነሣው ልጅ የሚያስፈልገው የንጉሡ ፈቃድ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ እስከ ባሕር ጠረፍ የሚያደርስ ቅፍለትና እዚያ የሚቀበል ሰው ነበር። በ1894 ጉግሳ ዳርጌ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ቅጣው ዘአማኑኤል በዚህ ዓይነት ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ኒውሻቴል ተላኩ። ብዙም ሳይቆይ የአድዋ ጦርነት ሲነሣ ወደ ጣልያን ወገን ተሻገሩ። ይህን ታሪክ የሚያነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ታማኝነት ለመናገር ነው፤ ከሰነድ ታሪክ አንጻር ግን የሚያሳየው ሌላ ነገር አለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ላኪው መንግሥት ተማሪው ይመለስ እንደሆነ አስቦበታል፤ መያዣ ያደረገው ግን ሰውየውን፣ ወገኑንና የተሰጠውን አደራ ነበር። ከድሉ በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ የሄዱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመድፈኛ መኮንን ሆነው ተመልሰዋል፤ በ1931 የወጣውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። እንዲመለሱ የሚያስገድድ ቪዛ አልነበራቸውም።

ሰው ሁሉ ድንበር ላይ ወረቀት እንዲያሳይ ያደረገው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። መንግሥታት ሰላይ ፍለጋ የዘረጉትን ቁጥጥር ጦርነቱ ሲያልቅ አላነሡትም፤ በ1920 ፓሪስ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ጥሪ የተሰበሰበው ጉባኤ ዛሬ የምናውቀውን የፓስፖርት ደብተር ቅርጽ ወሰነ። ኢትዮጵያም በመስከረም 1923 የማኅበሩ አባል ሆነች። በዓመቱ፣ በግንቦት 1924፣ አሜሪካ ለየአገሩ ኮታ የሚደለድለውን የኢሚግሬሽን ሕግ አወጣች። ለኢትዮጵያ የደረሳት የመጨረሻው ትንሹ ኮታ ነበር፤ በዓመት 100 ሰው። ያው ሕግ ግን ተማሪን ከኮታው ውጭ አደረገው፦ ዕድሜው ቢያንስ 15 ዓመት የሆነ፣ መንግሥት በሚያውቀው ትምህርት ቤት ተቀባይነት ያገኘና ለመማር ብቻ የሚገባ ከሆነ ኮታ አይመለከተውም። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ለተቀበለው ተማሪ የሚሰጠው፣ አይ-20 የሚባለው ቅጽ አያት ይህ አንቀጽ ነው። የትምህርት ቤት ደብዳቤ ከንጉሥ ደብዳቤ ጎን የቆመው ያን ጊዜ ነው፤ በጊዜ ብዛት ደግሞ ቦታውን ወሰደው።

ራስ ተፈሪ በ1917 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ከፍተው፣ ወጣቶችን ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ግብጽ፣ ወደ ሊባኖስ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ይልኩ ነበር። ተማሪው በባቡር ጅቡቲ ይወርዳል፣ ከዚያ በመርከብ ይሄዳል። ወደ አሜሪካ ቀድመው ከሄዱት አንዱ ወሎ የተወለዱት መላኩ በያን ናቸው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሄደው በኦሃዮ በሚገኘው መስኪንገም ኮሌጅ ተማሩ፤ በ1935 ደግሞ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዲግሪያቸውን አገኙ። አሜሪካዊት ሚስት አግብተዋል፤ ሙያቸው የትም የሚያኖራቸው ነበር። ዛሬ አንድ የቆንስላ ኦፊሰር የእሳቸውን ማመልከቻ ቢያይ «ከአገሩ ጋር የሚያስተሳስረው የለም» ብሎ ለመዝጋት በቂ ምክንያት ባገኘ ነበር። እሳቸው ግን ጣልያን ሲወር ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ለመቆም አገራቸው ገቡ። ወደ አሜሪካ የተመለሱትም በንጉሠ ነገሥቱ ተልከው ነው፤ በነሐሴ 1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቁመው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1940 ድረስ ለአገራቸው ሲሠሩ ኖሩ።

በዚያ ትውልድ ላይ የደረሰው እጅግ ያሳዝናል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ካወረዱት እልቂት ጋር ውጭ አገር የተማሩትን ወጣቶች እየለቀሙ ገደሉ። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ መሐንዲሶች ነበሩ፤ ሁለቱም ከተገደሉት መካከል ናቸው። አባታቸው በዚያን ጊዜ ለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ፤ ልጆቹ እዚያው ለመቅረት ቢፈልጉ ከእነሱ የተሻለ ምክንያትና መጠጊያ ያለው አልነበረም። መመለስ ሕይወት የሚያስከፍል በሆነበት ሰዓት እንኳ የተመለሱ ነበሩ ማለት ነው። ስለ ተማሪ መቅረትና መመለስ የሚነገር ታሪክ እነዚህን ሰዎች ሳያስታውስ ቢያልፍ ትልቅ ነውር ይሆናል።

ከነጻነት በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥልጣን ለራሳቸው ያዙ። ለውጭ ትምህርት የተመረጠ ልጅ ከመሄዱ በፊት ቤተ መንግሥት ቀርቦ እጅ ይነሣል፤ ሲመለስም ቀርቦ ይታያል። አውሮፕላኑ ያን ጊዜ የሚነሣው ከልደታ ነበር። በ1945 የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር የጅቡቲው ባቡርና የማርሴይ መርከብ ቀስ በቀስ ለሌላ መንገደኛ ተተዉ። ፓስፖርቱ፣ የመውጫ ፈቃዱና የጉዞ ወጪው በመንግሥት በኩል ያልቃል፤ ቤተሰብ የባንክ ሒሳብ አሳይ አይባልም፤ ላኪው መንግሥት ራሱ ዋስ ነውና። ወዲያ ማዶ በ1952 አሜሪካ አዲስ የኢሚግሬሽን ሕግ አወጣች። ኤፍ-1 የሚባለው የተማሪ ቪዛ የተወለደው በዚህ ሕግ ነው፤ ዛሬ ወጣቶቻችን በቃላቸው የሚያውቁት «214 ለ» የሚባለው አንቀጽም የዚያው ሕግ ልጅ ነው። አንቀጹ የሚለው ባጭሩ፣ ቪዛ ጠያቂ ሁሉ ለመቅረት እንደመጣ ይቆጠራል፣ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክሙም የራሱ ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ይህ ሸክም በኢትዮጵያዊ ተማሪ ላይ ብዙም አልከበደም፤ ተማሪው ዲግሪውን ይዞ ሲመለስ ቢሮና ደመወዝ ይጠብቁት ነበርና። ከተማ ይፍሩ በአሜሪካ ሆፕ ኮሌጅና ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተመለሱ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ይመሩ ነበር። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1957 ወደ ጀርመን ሄደው በኮሎኝ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተምረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመለሱ፤ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው አስተማሩ፣ ግጥም ጻፉ፣ ትርዒት አሳዩ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «እነዚያ የተመለሱት የሚቀሩበት ቦታ ስላልነበራቸው ነው» የሚል። የኢትዮጵያ ኮታ 100 ነበር፤ በአሜሪካ ደቡብ ጥቁር ሰው ከነጭ ጋር በአንድ ወንበር የማይቀመጥበት ዘመን ነበር፤ ማን ይቀራል? ተቃውሞው እውነት አለበት፣ ሊናቅም አይገባም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ያዳክሙታል። አንደኛው፣ በ1965 አሜሪካ በዘርና በአገር ላይ የተመሠረተውን ኮታ ስታፈርስ በሩ ተከፍቷል፤ ሆኖም ተማሪዎቻችን ያን ጊዜ በጅምላ አልቀሩም። ሁለተኛውና ትልቁ የ1974 ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩ ተማሪዎች ዓመታት ያሳለፉበትን ኑሮ ጥለው ወደ አገራቸው ገቡ። ኃይሌ ፊዳ ከፈረንሳይ፣ ሰናይ ልኬ ከአሜሪካ የመጡት ማንም አስገድዷቸው አይደለም፤ ፓሪስም በርክሌይም ማንም ውጡ አላላቸውም ነበር። ብዙዎቹም እንደ መጡ በጥቂት ዓመት ውስጥ በእርስ በርስ ግድያው አለቁ፤ ሰናይ ልኬ በጥር 1969 ዓ.ም. ሞቱ፣ ኃይሌ ፊዳ ታስረው ተገደሉ። በፖለቲካቸው መስማማት አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃው፣ መቅረት የሚቻልበት ቦታ ያላቸው ሰዎች የሚሠሩበት ነገር አለ ብለው ሲያምኑ መምጣታቸው ነው።

ነገሩ የተገለበጠው ከቀይ ሽብር ወዲህ ነው። ውጭ ያለው ተማሪ የጓደኞቹን መገደል በደብዳቤና በወሬ ይሰማል፤ ፓስፖርቱን ለማሳደስ ኤምባሲ መሄድ ራሱ ፍርሃት ሆነ። አሜሪካ በ1977 ለኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ የመቆያ ፈቃድ ሰጠች፤ በመጋቢት 1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ ደግሞ በሱዳን በኩል የወጣውን ብዙ ሰው ተቀበለ። ለመማር የገባው ሰው ጥገኝነት ጠየቀ፤ የተማሪ ወረቀትና የስደተኛ ወረቀት በአንድ ሰው እጅ ተገናኙ። የገብረ ክርስቶስ ሁለተኛ ጉዞ ይህን ከማንኛውም አኃዝ በላይ ይናገራል። የመጀመሪያውን ጊዜ በነጻ ትምህርት ሄደው የተመለሱት ሰው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ በስደት ወጡ፤ በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት አረፉ። ሰውየው ያው ናቸው፣ ሙያቸውም ያው ነው። በሁለቱ ጉዞዎች መካከል የተለወጠው የሚመለሱበት አገር ነበር።

ደርግ በበኩሉ በሩን ከውስጥ ዘጋው። የመውጫ ቪዛ በዐፄው ጊዜም ነበር፤ አሁን ግን ከቀበሌ፣ ከመሥሪያ ቤትና ከደህንነት የሚሰበሰብ ክሊራንስ፣ ከዚያም ላይ ዋስ ተጨመረበት። ለትምህርት የሚወጣው በአብዛኛው በመንግሥት ተመርጦ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ቡልጋሪያ ወይም ወደ ኩባ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ አባቶቻቸውን ያጡ ሕፃናት በብዛት ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት ተልከው እዚያ አድገዋል፤ ስፓኒሽ የሚናገሩ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ሆነው የተመለሱ ብዙ ናቸው። ሶቪየት ኅብረት የነበሩት ደግሞ በ1991 የላካቸውም የተቀበላቸውም መንግሥት በአንድ ዓመት ውስጥ ፈርሶ አዩ። ስለ ምሁራን ፍልሰት በሚጻፉ ጥናቶች ዘወትር የሚጠቀስ አኃዝ አለ፤ ከ1980 እስከ 1991 ለትምህርት ከወጡት 22,700 ሰዎች የተመለሱት 5,777 ብቻ ናቸው ይላል። አኃዙን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ቢኖር እንኳ ትርጉሙ አይለወጥም፦ የመውጫ ቪዛ፣ ዋስና ክሊራንስ እጅግ በጠበቁበት በዚያው አሥር ዓመት ነው ከአራቱ ሦስቱ የቀሩት። «ደርግ ባይዘጋው ኖሮ ከዚህ በላይ ይቀር ነበር» የሚል ሊኖር ይችላል። ዘግቶ ያስቀረው ተማሪ ግን አገር ውስጥ አልተቀመጠም፤ በመተማና በከሰላ በኩል በእግሩ ወጥቷል። በቪዛ ቢወጣ ሐኪም ሆኖ የመመለስ ዕድል የነበረውን ሰው፣ በእግር ማስወጣት ያንን ዕድል መዝጋት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. አዲሱ የኢሚግሬሽን አዋጅ፣ ቁጥር 354፣ ወጣ፤ የመውጫ ቪዛም በዚያው አካባቢ ቀረ። በሩ ከውስጥ ተከፈተ ማለት ነው። ሆኖም ልክ በዚያው ሰዓት ከውጭ ተዘጋ። በመስከረም 2001 ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ላይ ጥቃት ካደረሱት አንዱ በተማሪ ቪዛ የገባ ነበር፤ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ደግሞ ከሞቱት ጠላፊዎች መካከል ለሁለቱ የተማሪነት ፈቃድ እንደተሰጣቸው የሚገልጽ ደብዳቤ ለበረራ ትምህርት ቤታቸው የላከው ከጥቃቱ ስድስት ወር በኋላ፣ በመጋቢት 2002 ነው። ይህ ቅሌት ሴቪስ የሚባለውን የተማሪዎች መከታተያ ሥርዓት አፋጠነው፤ በ2003 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ አይ-20 ተራ የትምህርት ቤት ወረቀት አይደለም። ላዩ ላይ ያለው የሴቪስ ቁጥር ተማሪው የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚማር፣ በሙሉ ጊዜ እየተማረ እንደሆነ፣ አድራሻውን መቼ እንደለወጠ በሚመዘግብ ቋት ውስጥ መክፈቻው ነው። ከታች በሁለት ዓምድ የዓመቱ ወጪና የወጪው መሸፈኛ ተጽፏል፤ ሁለቱ ድምሮች ካልተመጣጠኑ ትምህርት ቤቱ ቅጹን አይሰጥም። ቅጹ ሲመጣ ተማሪው 350 ዶላር ለሴቪስ፣ 185 ዶላር ለቪዛ ማመልከቻ ይከፍላል፤ ዲኤስ-160 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ይሞላል፤ ለጥቂት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ወራት ይጠብቃል። በ1920ዎቹ ላኪው መንግሥት ይሸከመው የነበረው ዋስትና በሙሉ ወደ ልጁና ወደ ቤተሰቡ ዞረ።

እዚህ ቤት ያለው ወረቀትም የራሱ ፈተና አለው። የእኛ ስም የግል ስም፣ የአባትና የአያት ነው፤ ቅጹ የሚጠይቀው ደግሞ የቤተሰብ ስም ነው። ኃይለ ማርያም የሚለው ስም በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ በአንድ ቃል፣ በፓስፖርት ላይ በሁለት ቃል፣ በዲግሪው ላይ በሌላ ፊደል ይጻፋል፤ ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ማስረጃ፣ ማስረጃውን ለማረጋገጥ ሌላ ማኅተም ያስፈልጋል። የልደት ቀን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። መስከረም 1 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2005 የተወለደ ነው፤ አንድ ጸሐፊ ወሩንና ዓመቱን ሳይለውጥ እንዳለ ቢጽፈው ልጁ በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያረጃል፣ ሁለት የልደት ቀን ያለውም ተጠርጣሪ ይሆናል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ሥርዓት መያዝ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክተው ወጣት ከዚያ በፊት የተወለደ ነው፤ ካርዱን የሚያወጣው ካደገ በኋላ ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ የካዛንቺስ ነዋሪ በመልሶ ማልማት ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ሲሄድ፣ መታወቂያውና ፋይሉ ያለበት ወረዳም አብሮ የሚነሣ ጉዳይ ሆነ። ፓስፖርቱ ራሱ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ከፍ አለ፤ በአምስት ቀን የፈለገ 20,000፣ በሁለት ቀን የፈለገ 25,000 ብር ይከፍላል። ኤምባሲው ከዚህ ሁሉ የሚያየው የመጨረሻውን ወረቀት ብቻ ነው። መንግሥታችን የሌሎችን አገሮች ሕግ መለወጥ አይችልም፤ ስምና ልደትን አንድ ወጥ አድርጎ መጻፍ ግን ሙሉ በሙሉ በእጁ ያለ ነገር ነው። ይህን ያህል ዘመን ሳይስተካከል መቆየቱም ይቅር የሚባል አይደለም።

የገንዘቡ ጥያቄ ደግሞ በአንድ ሌሊት ምን ያህል ሊገለበጥ እንደሚችል በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ታይቷል። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ በተወሰነበት ጊዜ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ከ120 ብር አለፈ። አንድ ሚሊዮን ብር በባንክ ያለው ቤተሰብ በሐምሌ መጀመሪያ ከ17,000 ዶላር በላይ የሚያሳይ ነበር፤ ብሩ ሳይነካ ወደ 8,300 ዶላር ወረደ። ለሴቪስና ለቪዛ የሚከፈለው 535 ዶላር ከ30,000 ብር ተነሥቶ ከ64,000 አለፈ። በዚያው ሰሞን ጀርመን በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ የምትጠይቀውን የዓመት ገንዘብ ወደ 11,904 ዩሮ ከፍ አደረገች። እንግሊዝ ገንዘቡ ሳይነካ 28 ቀን እንዲቀመጥ ትጠይቃለች። ቤተሰቡ ያው ነው፣ የልጁ ውጤት ያው ነው፣ የመመለስ ሐሳቡም ያው ነው፤ ስቴትመንቱ ግን ከሐምሌ በኋላ «አቅም የለውም» ይላል። የባንክ ወረቀት የሰውን ሐሳብ ይለካል ብሎ ለሚያምን ይህ ምሳሌ ሊያሳስበው ይገባል።

የተቀባዮቹ አገሮች መከራከሪያም ቀላል አይደለም። ማንም አገር የሚገባበትን ሰው የመምረጥ መብት አለው፤ በተማሪ ስም ገብተው ጊዜያቸው ካለፈ በኋላ የሚቀሩ፣ ሐሰተኛ ስቴትመንትና ሐሰተኛ ሰርተፊኬት የሚያቀርቡ አሉ፤ ለዚህ የሚያዘጋጁ ደላሎችም በከተማችን አሉ። ይህን መካድ ሐቀኛውን አመልካች መጉዳት ነው። ሐሰተኛ ሰነድን መያዝ ግን አንድ ነገር ነው፤ እውነተኛ ሰነድ ይዞ የቀረበውን ልጅ ልቡን አይቼ አልመለስህም ማለት ሌላ ነው። በ2024 የበጀት ዓመት የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ከጠየቁት በመላው ዓለም 41 በመቶ ያህሉ ተከልክለዋል፤ ከአፍሪካ አመልካቾች ደግሞ በ2022 ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተከልክለው ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚነገራቸው ያው 214 ለ ነው። ታሪኩ እንደሚያሳየው መመለስና አለመመለስ የሚወሰነው ተማሪው ሄዶ ከቆየ በኋላ፣ አገሩ በሚሆነው ነው። በ1966 ዓ.ም. የቀረበ ተማሪ በ1970 ዓ.ም. አገሩ ምን እንደሚሆን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ኦፊሰሩም ሊያውቅለት አይችልም ነበር። በእኛ በኩልም ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለሦስተኛ ዲግሪ የሚልኩትን መምህር በውልና በዋስ ያስራሉ፤ መምህሩ ሲቀር ዋሱ ይከሰሳል። ዋስ የሆነው ወንድም ወይም ጓደኛ ዕዳ ሲከፍል ይኖራል፤ መምህሩ ግን ደመወዙ የቤት ኪራይ ወደማይሸፍንበት ክፍል አይመለስም። የደርግ ክሊራንስ ያልሠራው ሥራ ዛሬ በዋስ ይሠራል ተብሎ የሚጠበቅበት ምክንያት አይታይም።

በ2025 ነገሩ ወደ ሌላ ምዕራፍ ገባ። በግንቦት መጨረሻ አሜሪካ ለተማሪዎች አዲስ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ መስጠት አቋረጠች፤ በሰኔ ስትቀጥል አመልካቾች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ጠየቀች። በሐምሌ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡት አብዛኞቹ የጎብኚና የተማሪ ቪዛዎች ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ፣ ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆኑ ተደረገ። ይህ ሲባል ተማሪው በሦስት ወር ውስጥ ይውጣ ማለት አይደለም፤ ከገባ በኋላ ትምህርቱ እስኪያልቅ መቆየት ይችላል። አንድ ጊዜ ከወጣ ግን ቪዛው አልቋል። የአምስት ዓመት የዶክትሬት አይ-20 የያዘች ልጅ እናቷ ታመው ለሁለት ሳምንት ወሎ ሰፈር ብትመጣ፣ ለመመለስ እንደ አዲስ 185 ዶላር ከፍላ፣ ቀጠሮ ጠብቃ፣ «ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ?» የሚለውን ጥያቄ እንደገና መመለስ አለባት፤ ከተከለከለች ትምህርቱ መሀል ላይ ይቀራል። ስለዚህ አትመጣም። ከአገሯ ጋር የሚያስተሳስራት ነገር እንዳለ እንድታስረዳ የጠየቃት ሕግ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ለሠርግም ለለቅሶም፣ ለመስክ ጥናትም አገሯን ሳታይ እንድትኖር ያደርጋታል፤ ስትመረቅ የምታውቀው ላቦራቶሪ፣ የምታውቃቸው መምህራን፣ ሥራ የሚሰጣት ሰው ሁሉ ያሉት እዚያ ነው።